በለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳ በረኪና

ጠርሙሱን ግን ቁምሳጥን ውስጥ መልሳዋለች? አልመለሰችም፣ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ወይኔ ኦብዱሊያ፣ በሎሚ ለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳው በረኪና ከአማቷ ብርጭቆ አጠገብ ተቀምጧል፣ እሷ ፑዌብላ ከተማ መሃል ሚኒባስ ውስጥ፣ መንገዱ ተዘግቶ ንቅንቅ የለም፣ ሽማግሌው አማቷ ዶን ፊደንሲዮ ቤት ብቻቸውን፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ በዚህ ሙቀት፣ ጠምቷቸው። አፈር ልብላ።

ገበያ በረኪናውን በሊትር የሚቀዳላት ሰውዬ መች ሳይነግራት ቀረ፣ ምልክት አድርጊበት እመቤት፣ እሷ ሳቀችበት፣ ቤቴ ሕፃን የለ፣ አንተ ብቻ በውኃ አታቅጥነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጉሮሮ ይልጣል፣ ጤና ጣቢያ ነግረዋታል፣ የጠጣን ሰው አታስመልሱት፣ ሲወጣም ያቃጥላል፣ ወዲያው ሐኪም ዘንድ፣ ባሏ ሲሞት ደግሞ አባቴን አደራ ነው ያላት፣ አደራ በላ ልትሆን ነው፣ ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያንሱት አባባ፣ በማርያም ያንሱት።

ሃሎ።

በሕይወት አሉ! አባባ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠጡት እንዴ? የቱን፣ በረኪናውን? ይስቃሉ፣ አንቺ ልጅ፣ የታወረው ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬ መሰለሽ? ተመስገን፣ እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ ይመጣል፣ ጎኗ ያሉት ሴትዮ ያፈጡባታል፣ ያፍጡ። ደግሞ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፣ ይላሉ፣ ወገቤን ወገቤን ስትዪ ሰማሁና ሽንት ቤቱን እያጠብኩልሽ ነው፣ በረኪናው ብቻ አላጠራው ሲል ያንን የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ደረብኩበት፣ አሁን እንኳ ሲንተከተክ ይሰማኛል።

አሲድ።

በበረኪና ላይ አሲድ፣ ሲቀላቀል መርዛም ጋዝ ያወጣል፣ መስኮት የሌለው ሽንት ቤት፣ አባባ ይውጡ፣ ሁሉንም ትተው ይውጡ! ቆይ እንጂ ልጄ ልጨርሰው፣ ትንሽ ጉሮሮዬን ብቻ፣ ይስላሉ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ይስላሉ፣ በሩ፣ ይላሉ፣ በሩ ወዴት ነው፣ ግድግዳውን ይዘው ይምጡ አባባ፣ በስተግራ፣ በስተግራ፣ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ዞሮ ያያታል፣ ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ፣ ጓ አለ፣ ዝም በሉ እባካችሁ ልስማበት፣ ሳሉ ይሰማታል፣ አሁንም ይሰማታል፣ ከቅድሙ ግን ቀጥኗል፣ እየራቀ ነው፣ ወጥተዋል ማለት ነው፣ እየራቀ ነው ወይስ እየደከመ