ከቬርነር አጥር ጀርባ

ጌርዳን የሚያስጠላት ነገር ብዙ ነው፤ የጎረቤቷ የቬርነር ጓሮ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስቦ ይዟል። ሰውዬው የወደቀ ቅጠል አይጠርግም፤ የጠወለገ ግንድ አይቆርጥም። አትክልቱ ባለበት ይበሰብሳል፣ እሱም እዚያው መሐል ወንበሩን ዘርግቶ ቢራውን ይጠጣል። ይባስ ብሎ ማለዳ ማለዳ ሽንቱን በባልዲ ይዞ ብቅ ይልና የብስባሽ ክምሩ ላይ ይደፋዋል። «ምን ታፈጥጫለሽ? ማዳበሪያ ነው!» ይላታል ሳያፍር። እዚያ ክምር ላይ ጣት የሚያካክሉ፣ ቅርፊት የሌላቸው ቡናማ ቀንድ አውጣዎች ሲርመሰመሱ ያየች ቀን ጌርዳ ቁርሷ አልወርድ ብሏት ዋለች።

በኦርሁስ ከተማ ዳርቻ ያለው የጓሮ ማኅበር ደንብ አለው። የማንም አጥር ከሰው ቁመት አይበልጥም። የቬርነር የቁጥቋጦ አጥር ግን ሁለት ዓመት መቀስ ሳይነካው ኖሮ ከጣሪያ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም፤ ጌርዳ አሁን የምታየው በበሩ በኩል የሚታየውን የጓሮውን ከፊል ብቻ ነው። ጌርዳም በነሐሴ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፈች። «ሰነፍና ቆሻሻ» የሚሉትን ቃላት ከሥራቸው አሰመረችባቸው።

እሷ ንጹሕ ናት፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ያለፈው መኸር ግን ንጽሕናዋ ጉድ ሠርቷታል። እህቷ አግኔተ ከዘር አብቅላ፣ ዓመታት መርጣና አዳቅላ ያወጣችው አንድ ዳሊያ የተባለ አበባ ነበር፤ ቀለሙ ኮክ የመሰለ፣ የአበባ ቅጠሎቹ ጫፍ ጠቆር ያለ፣ ከሷ ሌላ ማንም ጋ የማይገኝ። አግኔተ መስከረም ላይ ስትሞት አበባው ለጌርዳ ቀረ። የመጀመሪያው ውርጭ እንደመታው ጌርዳ ድንች የሚመስለው ሥር መሬት ውስጥ በብርዱ እንዳይሞት ቆፍራ አወጣችው፤ እያንዳንዱን በብሩሽና በሳሙና አጠበች፤ ከዚያም ክዳኑ ጥብቅ ባለ የፕላስቲክ ሣጥን ከታ ምድር ቤት አስቀመጠችው። በየካቲት ስትከፍተው ሥር የሚባል ነገር አልነበረም። ያገኘችው ቡናማ ዝልግልግ ነገርና እንደ ሞተ አይጥ የሚሸት ውሃ ነው። መታጠቢያው ላይ አስመለሳት፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለማንም አልተናገረችም።

በጥቅምት፣ የማኅበሩ የጋራ ሥራ በሚሠራበት ቅዳሜ፣ ሊቀ መንበሩ ፍሬዴ የአጥር መቁረጫውን ማሽን ይዞ መጣ።

«ቬርነር፣ አትቀየመኝ፤ ደንብ ነው» አለ።

«ቁረጠው፣ ቁረጠው! ጌርዳ እንደ ልቧ ትየኝ፤ ናፍቄያት ነው» አለ ቬርነር። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጌርዳ ጓንቷን አጥብቃ ፊቷን አዞረች።

አጥሩ ሲወርድ የክምሩ ግማት ቀድሞ መጣ። አፍንጫዋን ይዛ ዞር አለች፤ ከዚያ አየችው። በአጥሩ በኩል ባለው የክምሩ ጎን፣ ከበሰበሰው ቅጠል መሐል፣ ወገብ በሚደርስ ግንድ ላይ፣ ኮክ የመሰለ፣ ጫፉ ጠቆር ያለ አበባ ቆሟል። አንድም አይደለም፣ ሰባት ስምንት።

«ይሄ... ይሄ ከየት መጣ?»

«አግኔተ ናታ የሰጠችኝ። አምና፣ ከመሞቷ ጥቂት ወራት በፊት።»

«ላንተ?»

«ለኔ። ምነው፣ ሰው አይደለሁም?»

«ቅዝቃዜውን ታዲያ እንዴት አለፈው?»

«አልነቀልኩታ። ቅጠል ቆለልኩበት፣ በቃ። ሰነፍ ነው ብለሽ ጽፈሽብኝ የለ?»

«የኔው በሰበሰ» አለች በዝግታ። «ዛሬ ማታ ውርጭ አለ ብለዋል። ከሥሩ ትንሽ ስጠኝ።»

ቬርነር ጺሙን አከከ። «አግኔተ ይህን ቀን ታውቀው ነበር። ‘ጌርዳ አጥባ ትገድለዋለች፤ አንተ ጋ ይቆይልኝ፤ መጥታ ስትጠይቅህ ስጣት’ ብላኛለች። ቡና ልትጠጣ ትመጣለች ብዬ ዓመቱን ሙሉ ጠበቅኩሽ። የመጣው ደብዳቤሽ ነው።»

ፍሬዴ ማሽኑን አጠፋ።

ጌርዳ ተንበረከከች። ጓንቱ ወፍራም ሆኖ ሥሩን ከአፈሩ አልለይ ቢላት አውልቃ ወረወረችውና እጇን እስከ ክርኗ ክምሩ ውስጥ አስገባች። ሙቅ ነው፣ ይለጠፋል፣ ሽንት ሽንት ይሸታል። አንድ ቀንድ አውጣ አንጓዋ ላይ ወጥቶ ልጋጉን እየተወ ሄደ። እጇን ግን አላወጣችም። ከዚያ ሁሉ ግማት ይልቅ ያስጠላት ያ ደብዳቤ ነበር፤ ያሰመረችባቸው ሁለት ቃላት።

ቬርነር በመንሹ ሥሩን ለሁለት ከፈለላት። እሷም የሷን ከነአፈሩ፣ ከነትሉ፣ በነጩ ሽርጧ ታቅፋ ተነሣች። በመንገዷ የውሃው ቧንቧ አለ፤ እጇ ከልምዷ ወደ መክፈቻው ተዘረጋ። ቬርነር ከኋላዋ ቆሞ ያያል።

ጌርዳ እጇን መለሰችና ቧንቧውን አልፋ ሄደች።