ከቦርሳ የወጣው ካሜራ

ታላቅ እህቴ የመመረቂያ ጥናቷን ለፈታኞቿ በቪዲዮ የምታቀርበው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አሮጌ ላፕቶፗን አበራሁት፤ እናታችን እስከ ሰባት ቆጥራ ሳትጨርስ ተነሣ። ድሮ እሱ እስኪነሣ ልብስ ታጥቦ ይሰጣ ነበር። ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን።

ደረቴን መንፋቴ አልቀረም። የሊኑክሱን ከርነል፣ ማለትም ማሽኑን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኘውን ዋና ፕሮግራም፣ ትናንት ከምንጭ ኮዱ ገንብቼ አቅልዬው ነበር። ቦታ ለመቆጠብ ብዬም አሮጌውን አጥፍቻለሁ።

ላፕቶፑ የራሱ ካሜራና ማይክሮፎን ስለሌለው እህቴ ካሜራዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰካች። መብራቱ ብልጭ እንኳ አላለም። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ትናንት የሰጠሁት ትዕዛዝ በዚያ ሰዓት ለተሰኩት ዕቃዎች ብቻ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያሠራውን ትንሽ ፕሮግራም፣ አስቀርቶ የቀረውን ይጥላል፤ ካሜራው ደግሞ ትናንት ከእሷ ጋር ቤተ መጻሕፍት ነው የዋለው። ደንቡ የተፈታኟ ፊት በኮምፒውተር ካሜራ እንዲታይ ያዛል። ካልታየ ፈተናው ወደሚቀጥለው መንፈቅ ይተላለፋል።

«አይዞሽ እታለም፣ የጎደለውን ብቻ ነው የምሠራው፤ የደቂቃ ነገር ነው» አልኳት።

«ኢንጂነሩ፣ ትናንትም የደቂቃ ነገር ነው ብለህ ጀንበር ጠልቃለች» አለችኝ።

ድራይቨሩን ገነባሁ፤ ከርነሉ አልቀበልም አለ። የስህተት መዝገቡን ሳነብ ሳቄ መጣ። ትናንት ለከርነሉ ስም «ነፋስ» የሚል ቅጥያ ሰጥቼው ዛሬ ድራይቨሩ ላይ ረስቼዋለሁ፤ ሁለቱ ስማቸው ካልገጠመ ደግሞ አይተዋወቁም። ቅጥያውን ጨምሬ እንደገና ገነባሁ። እናታችን ከጀርባዬ የቀረውን ደቂቃ ትቆጥርልኛለች፤ ደግነቷ በላብ አጠመቀኝ።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር አረንጓዴው መብራት በራ። እህቴ ፊቷን ስክሪኑ ላይ ስታይ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ። ፈታኞቹ ገቡ፤ ሰላም አለቻቸው። አልሰሟትም። ለካ የካሜራው ማይክሮፎን የራሱ ድራይቨር አለው፤ እሱንም ጥዬዋለሁ።

በጽሑፍ ስትለምናቸው ድምፁ በስልክ እንዲሆን ፈቀዱላት። እናታችን ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ስልኩን ወደ እህቴ አፍ ዘረጋችላት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የፈታኞቹን ሰብሳቢ አላስችል አለውና ያ እጅ የማን እንደሆነ ጠየቀ።

«የእናቴ ነው። ጥናቱን ከእኔ እኩል ሸምድዳዋለች።»

ሰብሳቢው ለእጇ ሰላምታ ሰጠ። እጇም ከነስልኩ አጸፋውን ሲመልስ የእህቴ ድምፅ እየራቀ እየቀረበ ተሰማቸው፤ እነሱም ተያይዘው ሳቁ። «አልፈሻል» ሲሏት ከጠረጴዛው ሥር የወጣው የደስታ ጩኸት በስልኩ በኩል አልፎ የሁሉንም ጆሮ አደነቆረ።