ሳንባም ምሬት ያውቃል

እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ የኮልካታ አየር እንደ እርጥብ ፎጣ ከብዶ፣ ዝናቡ ልጣል አልጣል ይል ነበር።

ኢንድራኒ የአማቷን ትንፋሽ የሰማችው ገና ደረጃውን ወጥተው ሳይጨርሱ ነው። ቀጭን ፉጨት ነበረበት። ጡረታ የወጡት የጂኦሜትሪ መምህር ኒባሮን ሻንያል ጋዜጣቸውን ይዘው ማዕድ ሲቀርቡ፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

«ባባ፣ የሚሳበውን መድኃኒትዎን ዛሬ ወስደዋል?»

«ትቼዋለሁ፣ ቦውማ» አሉ፤ ምራታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው። «ያስተውሽኝም አንቺው ነሽ።»

ባለፈው እሑድ በዚሁ ማዕድ ስለ ቤተ ሙከራ ሥራዋ አጫውታቸው ነበር። ምሬትን የሚለየው ምላስ ብቻ አይደለም፤ የአየር ቧንቧም ይለያል። መራራ ጠብ ሲልበት የተኮማተረው ጡንቻ ይላላል። ሚስታቸው ማሎቲ ሰምተው ዓሣቸውን በሉ። ኒባሮን ግን ዕድሜ ልካቸውን ምሳን በመራራ የከፈቱ ሰው ናቸው፤ የተጠበሰ የኒም ቅጠል ሳይቀምሱ ዓሣ አፋቸው ገብቶ አያውቅም። ሳይንስ ዘግይቶም ቢሆን እሳቸው ወዳሉበት መምጣቱን እንደ ጨዋነት ቆጠሩለት። ከማግስቱ ጀምሮ ኒሙን እጥፍ አደረጉ፤ መድኃኒቱን መሳቢያ ውስጥ ጣሉት።

«ሳንባዬ የቤንጋል ሳንባ ነው» አሉ፣ ቃሉን በሁለት ትንፋሽ ከፍለው። «መራራ ይገባዋል።»

«መራራ ሳንባ የሚከፍት ቢሆን» አሉ ማሎቲ ውሃ እየቀዱ፣ «ካንተ ጋር ስኖር የኔው መዝጊያ የሌለው ቤት ሆኖ በቀረ ነበር።»

ኢንድራኒ አልሳቀችም። ተነስታ መድኃኒቱን ከመሳቢያው አመጣች።

«ባባ፣ እኔ ያየሁት ጠብታ የወደቀው ብልቃጥ ውስጥ በተቀመጠ ቁራጭ ቧንቧ ላይ ነው። እርስዎ የሚውጡት ግን ወደ ሆድ ነው የሚወርደው። ሆድና ሳንባ ጎረቤት ናቸው እንጂ በር አይጋሩም።»

«የማን ቧንቧ ነበር?»

«የአይጥ።»

«ኒም ቀምሳ የማታውቀውን ከረዳ፣ እኔንማ እንዴት አይረዳኝ?»

«አይጧ ደረጃ አልወጣችም፣ ባባ።»

«እንግዲያው ቅጠሉን አጭሼ እስበዋለሁ።»

«ጭሱ የቀረውንም ይዘጋብዎታል።»

ኒባሮን ይህን እንዳልሰሙ ሆነው እጃቸውን ወደ ኒሙ ሳህን ሰደዱ። ሳህኑ ግን አልነበረም። በቦታው መድኃኒቱ ተቀምጧል።

«ቦውማ፣ ኒሙስ?»

«ኒሙ እኔ ጋ ነው።» ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛው ነበር። «መድኃኒቱ እርስዎ ጋ ነው።»

«ይሄማ ግፍ ነው።»

«ምን ግፍ አለው? ዓሣው እፊትዎ ነው፤ ይብሉ።»

ኒባሮን ዓሣውን አዩት። በሰናፍጭ ተሠርቷል፤ ሽታውም ከወትሮው የባሰ ያማልላል። ከመራራ በፊት ዓሣ መንካት ግን አባታቸውም አያታቸውም ያላደረጉት ነገር ነው። እሳቸው ካልጀመሩ ደግሞ ማንም አይጀምርም።

«እኔ በረሃብ ብሞት» አሉ ማሎቲ፣ «አስም ገደላት ብላችሁ እንዳታወሩብኝ።»

ኒባሮን እንደ መምህርነታቸው ዘመን ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማስረዳት ቃጣቸው። መነሻውን አስቀመጡ፤ የታወቀውን ከማይታወቀው ለዩ። «ስለዚህ» ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው። ማጠቃለያው አልመጣም። ሳሉ፤ በጠረጴዛው ጠርዝ ተደገፉ። ኢንድራኒ ሳህኑን ይበልጥ ጨበጠችው። ልትነሳ ስትል፣ ሽማግሌው መድኃኒቱን አንስተው ነቀነቁ፤ ሳቡ፤ ትንፋሻቸውን ያዙ።

ቆየት ብለው ደገሙ። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ረገበ፤ ትከሻቸው ወረደ።

«ምሬቱ ደካማ ነው» አሉ ከንፈራቸውን ልሰው። «እናቴ ብትሆን ይሄን ለእንግዳ አታቀርበውም።»

«ማታም ያው ነው የሚቀርብልዎት፣ ባባ።»

«ካቀረብሽ ምን አደርጋለሁ።»

ኢንድራኒ የኒሙን ሳህን ከጭኗ አንስታ ፊታቸው አኖረችው። ሩዙ ቀዝቅዞ ነበር።