ጓንግ እስኪጎድል

«ጸጥታ!» አሉ የዕድሩ ሊቀ መንበር አያ አድማሴ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። ድንኳኑ እረጭ አለ። ንፍሮ የሚያላምጡት እንኳ አቆሙ። አያ አድማሴ መርዶ በሚያረዱበት ድምፅ፣ «ወገኖቼ፣ የቧንቧ ውኃ መጥቷል» አሉ።

ግማሹ ለቀስተኛ ተነሣ። ቀሐ ሰፈር ውኃ በመጣ ቀን ሐዘንም ቢሆን ወረፋ ይጠብቃል።

ጸሎት ጄሪካን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ወንድሟ ዲያቆን ወንድምአገኝ የአዘዞ መንገድ ላይ ባጃጅ ተገልብጦበት ሞቶ፣ ዛሬ ሠልስቱ ነው። ቧንቧው ዘንድ ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ያወራሉ።

«ዛሬስ ትመጣ ይሆን?»

«ማን?»

«ያቺ ሐረገወይን ነቻ!» ያሉት እትዬ ዝናሽ ናቸው፤ ከሟቹ ክፍል በአንድ ግድግዳ የሚለያዩ ጎረቤት። «እኔ ሰው አላማም። ግን ማታ ማታ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጓደኞቹ ‹ሐረገወይን፣ ታድሪያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?› ይሏታል።»

«ኧረ በስመ አብ! ዲያቆን ሆኖ?»

«ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ተቀበረ እኮ። እኔ እንኳ አላማም።»

ጸሎትን ሲያዩ ሁሉም በአንድ አፍ፣ «ምነው አንቺ፣ እህል ቀመስሽ?» አሏት።

ጄሪካኑ ሞልቶ እግሯ ላይ ፈሰሰ። ሐረገወይን የምትባል ሴት አልነበረችም። ወይም ነበረች፤ ግን ወንድሟ ራሱ ነበር።

ኢንተርኔት የተቋረጠ ጊዜ ወንድምአገኝና ጓደኞቹ በስልክ የሚጫወቱትን ጨዋታ በአፍ አደረጉት። ሐምዛ ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ መዳንና መሞቱን የሚጥሉት ባለ ስድስት ገጽ ዛህራ ላይ የወጣው ቁጥር ይወስናል። አንዱ ሽፍታ ሆነ፣ አንዱ ጠንቋይ። ወንድምአገኝ ሐረገወይንን ሆነ፤ ባሏ የሞተባት፣ በበቅሎ ሰም ጭና የጓንግን ወንዝ ተሻግራ ወደ መተማ የምትወርድ ነጋዴ።

ጸሎት ሻይ ልትሰጣቸው ገብታ ሰማችው። ድምፁን አላቀጠነም። በገዛ ድምፁ፣ «ለአንተ ቀረጥ ብዬ በቅሎዬን አላራግፍም። ካማረህ ራስህ ተሸከማት!» አለ። ይኼ ዳቦ ቤት ተራውን ሲቀሙት ዝም የሚለው ወንድሟ ነው።

«ምነው ሴት ሆንክ?» አለችው ልጆቹ ሲሄዱ።

«እኔ እምቢ ማለት አልችልም። እሷ ትችላለች።» ከዚያ ሳቀ። «አባባስ በጽጌ ማኅሌት ‹ልጄን ይዤ ወዴት ልሰደድ› ብለው ሲያዜሙ በማን አፍ ነው? በእናት አፍ አይደለም? ጢም አላት ያለ ሰው ሰምተሻል?»

«እንግዲያ ሂድና ንገራቸዋ።»

ሳቁ ጠፋ። «አብደሻል? ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ። ለማንም እንደማትናገሪ ማይልኝ።»

ሚካኤልን ብላ ማለች።

አሁን ዝም ካለች፣ ወንድሟ ሴት ደብቆ መቅደስ ሲገባ የኖረ ዲያቆን ነው። ከተናገረች፣ ሴት መሆን ያማረው ወንድ ነው። የመጀመሪያውን ንስሐ ያነሣዋል፤ ሁለተኛውን ሰፈሩ ለልጅ ልጅ ያወርሰዋል።

ወደ ድንኳኑ ስትመለስ የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ወልደ ገብርኤል ከአባቷ አጠገብ ተቀምጠዋል። አባቷ መሪጌታ ኪዳነወልድ ከቀብሩ ወዲህ ቃል አልወጣቸውም። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው መሬት መሬት ያያሉ።

«መሪጌታ፣» አሉ ቄሱ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፤ ድንኳኑ ግን ዝቅ ያለ ድምፅ አያመልጠውም። «ሰው የሚለውን ሰምተዋል። ልጁ በክህነት ልብስ ነው የተቀበረው። ካህናቱ ለአርባው ከመቆማቸው በፊት ከእርስዎ አንድ ቃል ይፈልጋሉ። ሴት ነበረችው?»

ጸሎት ጄሪካኑን አስቀመጠች። አፏን ከፈተች፤ ግን ሚካኤልን ብላ ምላለች።

ለቀስተኛ ሲገባ ሟቹን በኖረበት አጠራር እየጠራ ነው የሚገባው፤ ወንድሜ ይል የነበረ ወንድሜ፣ ልጄ ይል የነበረ ልጄ እያለ። ሐምዛ መርዶውን እንፍራንዝ ሰምቶ መምጣቱ ነው። ዓይኑ ማንንም አያይም። ድንኳኑ በር ላይ ደረቱን መታ።

«ሐረጌ! ወይኔ ሐረገወይን! ከወንዙ ዳር ጥለሽን ሄድሽ!»

ንፍሮ የሚያላምጡት እንደገና አቆሙ፤ አሁን ግን ጸጥታ ያለ የለም። ሁሉም ከሐምዛ ኋላ የምትገባዋን ሴት ጠበቀ። ማንም አልገባም። ሐምዛ ያለው ነገር የገባው ያን ጊዜ ነው፤ አፉን በመዳፉ ያዘ።

መሪጌታ ቀና አሉ። ድምፃቸው ሻክሯል።

«ተሻገረች?»

«አ… አባባ?»

«ጓንግን ነው የምልህ። ሽፍቶቹ ከኋላ፣ የወንዙ ሙላት ከፊት። መብራት ጠፋና ተነሣችሁ። ተሻገረች?»

ጸሎት አባቷን አየች። የእሳቸው አልጋ ከወንድሟ ክፍል በዚያኛው ግድግዳ በኩል መሆኑን እስከ ዛሬ ልብ ብላ አታውቅም።

«አልተሻገረችም» አለ ሐምዛ። «ዛህራውን የመጣል ተራው የእሱ ነበር፤ ሳይጥለው ቀረ።»

«በምኗ ትሻገራለች!» አሉ እትዬ ዝናሽ ሳያስቡት። «ዳማዋ በቅሎ አንክሳ የለም እንዴ!»

ድንኳኑ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እትዬ ዝናሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ።

«ቄስ ወልደ ገብርኤል፣» አሉ መሪጌታ፤ «ያቺ ሴት፣ ልጄ ራሱ ነበር። እኔም በጽጌ እናት እሆናለሁ። እርስዎም እያሸበሸቡ ያጅቡኛል።»

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። ጥያቄያቸውን አልደገሙም።

ሐምዛ ተንበርክኮ ዛህራውን ከኪሱ አወጣ። «አባባ፣ እርስዎ ይጣሉላት።»

መሪጌታ ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ክንዳቸውን ለመጣል አነሡ። ከዚያ ጨበጡት፤ ከጥቁር ካባቸው ሥር ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው በመዳፋቸው ከደኑት።

«ክረምት ነው» አሉ። «ጓንግ እስኪጎድል ትቆይ።»