እጃችን የማይነካው ፍሬ

ቡና ለቀማ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ጠዋት ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለው ቤቴ ወጥቼ መጋዘን እገባለሁ፤ ከየቡ እና ከሰቃ ገጠር የመጣው ቡና ጠረጴዛዬ ላይ ይፈሳል፤ ጥቁሩን፣ የነቀዘውን፣ የተሰበረውን እያነሳሁ እጥላለሁ። ጥሩውን ፍሬ እጃችን አይነካውም። ዝም ብሎ ያልፋል።

ችግሩ ቤት ስመለስም ዓይኔ አብሮኝ ይገባል። ባሌ ነፍሱን ይማረውና "ሸዋዬ፣ እባክሽ እኔን እንኳን አትልቀሚኝ" እያለኝ ሞተ። እኔ ደግሞ "ምን ላድርግ፣ እውነቱን ነው የምናገረው" እለው ነበር። እንከን አይቶ ዝም ማለት ለእኔ ሌብነት ነው።

ልጄ ሮሆቦት ልብስ ስፌት ተማረች። ባለፈው ወር ጎረቤታችን ሳሊሀ ለልጇ ለለጢፋ የኒካ ቀሚስ ስፊልኝ ብላ ነጭ ሳቲን አመጣችላት። የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። "ይሄን ካሳመርሽ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያንቺ ነው" ብላታለች ሳሊሀ። ሮሆቦት እየሰፋች ታንጎራጉራለች። ልጄ ድምፅ እንዳላት ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሰኞ ቀሚሱን መስኮቱ ላይ ሰቅላ "እማ፣ እስኪ እይው" አለችኝ። ያምር ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ያምር ነበር። ዓይኔ ግን ሄዶ ግራ እጅጌው ላይ ተቀመጠ።

"እጅጌው ዘሟል" አልኳት።

ፈታችው። በማግስቱ መልሳ ሰፍታ አመጣችልኝ፤ "አሁን ደግሞ ትከሻው ተኮማትሯል" አልኩ። ፈታችው። በሦስተኛው ቀን ሰፍታ ስታመጣልኝ ደክሞኝ ስለነበር "ተይው በቃ፣ እጅሽ ለዚህ አልተፈጠረም" አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያንኑም ስፌት ፈታችው። ሳቲን ደግሞ መርፌ አይረሳም፤ ክሩ ሲወጣ ቀዳዳው ቀርቶ ትከሻው ወንፊት ሆነ።

ሐሙስ ሳሊሀ መጥታ ጨርቁን አገላብጣ አየችው። "ሱብሃነላህ! ሰኞ በመስኮት ሳየው እኮ ወላሂ ልቤ ነው የጠፋው። ማነው ፍቺው ያላት?" ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"እኔ ነኝ" አለች ሮሆቦት። "እጄ ለዚህ አልተፈጠረም።"

የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፈነችው። በሳምንቱ ተከትላኝ መጋዘን መጣች፣ ተመዘገበች፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አታንጎራጉርም። ካቦአችን ኩመራ ሥራዋን አይቶ "ዱጋ! እውነት ነው የምልዎት እትዬ ሸዋረገጥ፣ የእርስዎ ልጅ መሆኗ ያስታውቃል፤ ምንም አያልፋትም እኮ!" ሲለኝ ሴቶቹ ሳቁልን። እኔ ግን አፈርኩ።

ቀሚሱ ያምር ነበር፣ ተነሺ ወደ መኪናሽ ሂጂ ብላት ትነሳ ይሆናል። በሩ ክፍት ነው። ይህን ለማለት ስሞክር ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ጠዋት ቤት ውስጥ እለማመደዋለሁ፤ እዚህ ፊት ለፊት ስንቀመጥ ዓይኔ ወደ ፍሬው ይወርዳል። ቅድም ግን ቆረጥኩ፤ አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር።

"ያቺን አለፍሻት" አልኳት።

ቀና እንኳን ሳትል ፍሬዋን አንስታ ጣለቻት። ጎንበስ ብዬ ከመሬት አነሳኋት፤ በመዳፌ ላይ አገላብጬ አየኋት። ምንም እንከን አልነበራትም።