የድንቡሼ ክብደት

ስሟን ያወጣላት አባቷ ነው። ስትወለድ ጉንጯ ዓይኗን ሊውጥ ደርሶ ስለነበር "ይቺማ ድንቡሼ ናት" አለ፤ በዚያው ጸና። የጸናው ስሙ ነው፤ ጉንጩ አልጸናም።

አባቷ ሾፌር ነበር። ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ከረጅም መንገድ ተመልሶ እየሳለ ተኛ። ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች መጥተው ሆስፒታል ወሰዱት፤ ብዙም ሳይቆይ ጫማው በፌስታል ተቋጥሮ መጣ። ጫማው ታጥቧል። እናቱ አገላብጠው አዩትና ሰውየውን ማዳን ቢያቅታቸው ጫማውን አጥበውልናል አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሆስፒታል ደግ ነገር ሲናገሩ የሰማ የለም።

እኛ የአንድ ግቢ ተከራዮች ነን። ግድግዳችን የጋራ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" ለማለት ከአልጋ መነሳት አያስፈልግም። በዚያ ሰሞን ግን ያስነጠሰ ሰው የሚሰማው ምርቃት ሳይሆን የመስኮት መዘጋት ነበር። የሾፌሩን እናት እማማ ዝምበሉ እንላቸዋለን፤ ይህን ቃል ለሁሉም ሰው ስለሚሉና ራሳቸው ግን ስለማይሞክሩት ነው። ምራታቸው፣ የድንቡሼ እናት፣ ቢሮ ታጸዳ ነበር። ቢሮው ተዘጋ፣ ደሞዙ ተከተለ፣ ከሐዘኑ በኋላ ደግሞ ጡቷ ነጠፈ።

እዚህ ቤት በየሳምንቱ አንዲት ጎብኚ ትመጣለች። ሥራዋ ጨቅላ ያለበትን ቤት እየዞረች ልጅ መመዘን፣ እናት ማማከርና በከረጢት የታሸገ የለውዝ ምግብ ማደል ነው። ሚዛን በትከሻዋ አንጠልጥላ ስለምትዞር ሚዛኗ እንላታለን። ድሮ ቤት ገብታ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ልጅቷን ጭኗ ላይ እያጫወተች ነበር የምትመዝነው። ወረርሽኙ ሲመጣ መመሪያም አብሮ መጣ፤ ጎብኚ ከግቢ በር አታልፍም ተባለ። ስለዚህ ሚዛኑን በሩ ሥር አስቀምጣ ወደ ኋላ ትላለች። እናትየዋ መጥታ ትወስደውና በራፏ ላይ ካለው ሚስማር ትሰቅለዋለች፤ ልጅቷን አጭር ሱሪ በመሰለችው የጨርቅ መያዣ ውስጥ ከትታ ቀስቱ የቆመበትን ጮክ ብላ ታነባለች። ሚዛኗ ራሷ እንዳታይ፣ ጭንብሉ ትንፋሿን ወደ ላይ እየላከ መነጽሯን ጉም ያለብሰዋል። ምክሩም ከዚያው ከበሩ በጩኸት ይሰጣል። ስለ ጡት አያያዝ ከመስማታቸው ብዛት የግቢያችን ወንዶች አዋላጅ ለመሆን የቀራቸው ጋወን ብቻ ነው።

ቀስቱ በየሳምንቱ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። የሚታደለው ከረጢት የአንዲት ልጅ ነው፤ እናትየዋም ወተት ልታመጣ ትቀምሰው ነበር፣ እማማ ዝምበሉም ባዶውን ከረጢት ቀደው በጣታቸው ያጸዱት ነበር። ልጅቷ የደረሳትንም ግማሹን ታስመልሰዋለች። አንድ ቀን ሚዛኗ ከበሩ ሆና፣ ከዚህ በታች ከወረደች ግድ ነው፣ አምቡላንስ ጠርቼ ሆስፒታል አስተኛታለሁ፣ እናንተ ግን አብራችሁ መግባት አትችሉም አለች። ይህንንም በጩኸት ነው ያለችው። ግቢው በሙሉ ሰማ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አማትና ምራት ተመካከሩ፤ መመካከር ማለት ግን አማት ሲናገሩ ምራት ስታለቅስ ነው። እማማ ዝምበሉ ቁጥሩን ከፍ አድርጋ እንድታነብ ነገሯት። ምራት አይሆንልኝም አለች። እውነትም አይሆንላትም፤ ስልክ ላይ "ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ" ካለች በር ላይ የምትገኝ ብቸኛዋ የግቢያችን ሰው እሷ ናት።

"እንግዲያው አንቺ አትዋሺ፣ ሚዛኑ ይዋሽ" አሉ እማማ ዝምበሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት የነጭ ሽንኩርት መውቀጫው ድንጋይ በልጅቷ ሹራብ ሥር በጨርቅ ታስሮ ወጣ። ቀስቱ ቀና አለ። እናትየዋ ያየችውን በታማኝነት አነበበች። ሚዛኗ ከበሩ ማዶ አጨበጨበች፤ ጓንት አድርጋ ስለነበር ጭብጨባዋ አልተሰማም።

ግን ልጅቷ ስትቀል ድንጋዩ ባለበት ነው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የመውቀጫው ድንጋይ አልበቃ አለ። በሩን በነፋስ እንዳይላጋ የሚያስደግፉበት ትልቅ ድንጋይ ተተካ። እኛም ነገሩ የገባን ያኔ ነው፤ ሚዛኗ በምትመጣበት ሰዓት ብቻ የዚያ ቤት በር ያለ ከልካይ ይደበደባል። ገባን እንጂ አልተናገርንም። ነጭ የለበሱት ሰዎች ሾፌሩን ሊወስዱ የመጡ ጊዜ ግቢያችንን በሙሉ መድኃኒት ረጭተውበት ነበር፤ ዳግም እንዲመጡ የሚፈልግ አልነበረም።

ድንቡሼ በወረቀት ላይ ሰባች። የፕሮግራሙ አስተባባሪ፣ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ በስልክ ደስታውን ገለጸ። በዚህ ክፉ ጊዜ እንዲህ ያደገች ልጅ በየትም አልታየችም፤ ስለዚህ ከፕሮግራሙ ትመረቃለች ተባለ።

መመረቅ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ቤት የተረዳ አልነበረም። ሚዛኗ በላስቲክ የተለበጠ የምስክር ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ወፍራም ልጅ ይስቃል። ካስቀመጠችው በኋላ ወደ ኋላ ብላ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከረጢቱም እኔም ወደ ሌላ ቤት እናልፋለን አለች።

እናትየዋ ወረቀቱን አላነሳችም። ልጅቷን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች።

"እህቴ፣ አትሂጂ።"

ሚዛኗ የስንብት መስሏት እኔም እናንተን ለምጄ ነበር አለች። እናትየዋ ያን ጊዜ ሹራቡን ገልጣ ጨርቁን ፈታች። ድንጋዩ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ሁላችንም ሰማን።

ሚዛኗ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ መመሪያውን ረስታ በሩን አለፈች፤ ልጅቷን ተቀብላ በክንዷ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገቻት። መመዘን ለሚያውቅ ክንድ ሚዛን አያስፈልገውም። ቢሆንም ሰቀለቻት። ድንቡሼ አላለቀሰችም፤ ካለቀሰች ቆይታለች።

"ዛሬ አንቺ አንብቢው" አለች እናትየዋ።

ሚዛኗ አነበበችው። ድምፅዋ ከጭንብሉ አልወጣም፤ ግድግዳ የማይጋርደን እኛ እንኳ ቁጥሩን አልሰማንም።

እናትየዋ እግሯ ላይ ወደቀች። አምቡላንስ እንዳትጠራ፣ ልጅቷን ከእቅፏ ወስደው ጫማ እንዳይልኩላት ለመነቻት። ጫማ እንኳ የላትም አለች።

"አልጠራም" አለች ሚዛኗ። "ብጠራም አይመጣም። የልጆቹ ክፍል ከተዘጋ ከርሟል፤ አልጋውን ለሚያስሉት ሰጥተውታል።"

እማማ ዝምበሉ ከውስጥ ወጡ።

"ታዲያ በሌለ ክፍል ነው ስታስፈራሪን የከረምሽው?"

"እንድትመግቧት ብዬ ነው፣ እማማ።"

"ምኑን?"

ሌላ ነገር አልጨመሩም። ስም ካወጣንላቸው ጀምሮ ዝም ሲሉ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

ሚዛኗ እዚያው ቆማ ለአስተባባሪው ደወለች፤ እናትየዋም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ስህተት ተፈጥሯል፣ ልጅቷ ትመለስ አለች። አስተባባሪው በትሕትና አዳመጠ፤ ከኋላው ቴሌቪዥን ይጮሃል። ስህተቱ የሚታረመው ጎብኚዋ ቤት ገብታ በገዛ እጇ ስትመዝን ብቻ ነው፤ እናት ያነበበችው ለማረሚያ አይሆንም አለ። ሚዛኗ በገዛ እጄ መዝኛለሁ አለች። ቤት ገብተሽ? አላት። ቤት የገባች ጎብኚ ከሥራ ትታገዳለች፣ የታገደች ጎብኚ የመዘነችው ደግሞ አይያዝም፤ ስለዚህ እንዳልሰማሁሽ ቁጠሪው አላት። ደግ የሠራ መስሎት ነው። ቦታው ደግሞ ጠዋት ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል።

ሚዛኗ ቦርሳዋን ከፈተች። ውስጡ ያሉት ከረጢቶች የዚያች የሌላዋ ልጅ ናቸው። ጥቂት አወጣች፤ አየቻቸውና ግማሹን መለሰች። የቀሩትን ለእናትየዋ ሰጠቻት። እናትየዋ አመሰገነቻት። ምስጋናው ከሁሉ ይልቅ የከበዳት መሰለን፤ ሳትሰናበት ሄደች፤ ሚዛኑን ከሚስማሩ ላይ ረስታ። ረስታው ይሁን ትታው አናውቅም። ሊወስደው የመጣ ግን የለም።

ከረጢቶቹ አለቁ። እኛም ከየቤታችን እፍኝ እፍኝ ሰጠን፤ የያንዳንዳችንን ድስት ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ድንቡሼ የሰጠናትንም መዋጥ ተወች።

እናትየዋ በለመደችው ቀንና ሰዓት ልጅቷን መስቀሏን አላቆመችም። ከበሩ ማዶ የሚሰማት ባይኖርም ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። በየሳምንቱ የምንሰማው ቁጥር ከባለፈው ያንሳል። በስተኋላ መስኮት የምንዘጋው ለሳል ብቻ ሳይሆን ለዚህም ሆነ።

እማማ ዝምበሉ ሚዛኑን ጠረጠሩት። ዕቃ ነው፣ ያረጃል፣ ሽቦው ዝጎ ይሆናል፣ ልጅቷን አትወንጅሉ አሉ። አንድ ጠዋት ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና ሚዛኑ የቀረ ሰሞን መዝነውት የነበረውን የበሩን ድንጋይ አንስተው በዚያች ሱሪ በመሰለች ጨርቅ ውስጥ ከተቱት። ምራታቸው መጥታ እንድታነብላቸው ጠሩ። ከኋላቸው በሩ በነፋስ ይላጋል።

እናትየዋ ልጅቷን በአንድ ክንዷ እንዳቀፈች መጥታ አነበበች።

ድንጋዩ አልቀነሰም።