ከስክሪኑ በታች የቀረችው ቁልፍ

በኮምፒውተሯ ላይ የተከፈተውን መስኮት በማውሱ ይዛ ወደ ግራ ጎተተችው። ገጹ ጠበበ፤ ሥዕሉ ወደ ላይ ወጣ፣ ጽሑፉ ወደ ታች ተደረደረ፣ "ላክ" የምትለው አረንጓዴ ቁልፍም ከሥር ቁጭ አለች። መልሳ አሰፋችው። እንደገና አጠበበችው። ምንም አልሆነም። ከጠዋት ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ማስፋት፣ ማጥበብ።

"እሺ?" አላት አለቃዋ ከጀርባዋ መጥቶ። በሌለበት "ቶሎ በሉ" እያሉ ነው ባልደረቦቿ የሚጠሩት፤ ቃሉ ከአፉ አይጠፋም።

"ይሠራል።"

"ገጹን ያሠራው ክሊኒክ አይሠራም እያለ ነው። በስልኩ ገጹን ከፍቶ ቀጠሮ ሊይዝ ከሚሞክረው መቶ ሰው ሠላሳው ስሙን ሞልቶ፣ ዕድሜውን ሞልቶ፣ ሕመሙን ሁሉ ዘርዝሮ ሳይልከው ይጠፋል። ለምን?"

"እኔ እንጃ። ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል።"

"ሠላሳ ሰው ተጠራርቶ ነው ሐሳቡን የሚቀይረው? ዛሬ መልስ እፈልጋለሁ። ቶሎ በይ።"

ዱሮ ቢሆን ትሟገተው ነበር። ያንን ገጽ የሠራችው እሷ ናት፤ ለሥራዋ ደግሞ አፍ አላት። አሁን ግን አባቷ ካረፉ ሁለት ወር ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ እሷ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ የተወጋ ጉንጭ እንዴት ነው? ሲነኩት ይታወቃል፣ ግን የራስ አይመስልም። እሷም እንዲያ ሆናለች። በቀብሩ ቀን አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም። ዘመድ "ጠንካራ ናት" ብሎ አመሰገናት።

ከጎኗ የተቀመጠው ሥዕል ሠሪ ሳቀባት። ገጾቹ ምን እንደሚመስሉ አስቀድሞ የሚስለው እሱ ነው።

"መስኮት ስላጠበብሽው ስልክ ይሆንልሻል? ድመትን ብትጨምቂያት አይጥ አትሆንም እኮ።"

"በስልኬም ሞክሬዋለሁ። በታብሌቱም።"

"ያንቺ ስልክ ትሪ ነው የሚያህለው። የሽማግሌ ስልክ ፈልጊ።"

የሽማግሌ ስልክ የት እንዳለ ታውቃለች። በምሳ ሰዓት ቦርሳዋን አንስታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

እናቷ የደረቀ ልብስ ከገመድ አውርደው በረንዳው ላይ ያጣጥፉ ነበር።

"ምን እግር ጣለሽ በሥራ ቀን? ደግሞ ከስተሻል።"

"አልከሳሁም። የአባዬ ስልክ ይሠራል?"

"እሱን አይደል እኔ የምይዘው። የኔንማ ፊደሉን ማን ያየዋል፤ ጉንዳን ነው።"

ስልኩን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው ሰጧት። ትንሽ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የብረት በር ሲበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ብየዳው ዓይናቸውን ስለጎዳው ፊደሉን እስከ መጨረሻው አሳድገውት ነበር። ገጹን ከፍታ መልሳ ለእናቷ ሰጠቻቸው።

"በይ ቀጠሮ ያዢልኝ።"

"ምን አመመኝ ብዬ?"

"የውሸትሽን ነው እማዬ፤ ለሥራዬ ነው።"

"የውሸትስ አባትሽ ነበር የሚችልበት።"

እናቷ ይህን ሲያነሱ የመጀመሪያቸው አይደለም። አባቷ ደረታቸውን ሲያማቸው "ተመዝግቤያለሁ፣ ይደውሉልኛል" ብለው ሦስት ሳምንት ተቀመጡ። ሳይደወልላቸው ሞቱ። ከቀብሩ በኋላ እናቷ እዚሁ ክሊኒክ ድረስ ሄደው ጠየቁ፤ በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም ተባሉ።

"ሐኪም ይፈራ ነበር። ፈራሁ ቢለኝ እበላው ነበር? አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ዓይኔን እያየ ዋሸኝ።"

"ጻፊ በቃ።"

እናቷ በአንድ ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም እየለቀሙ ጻፉ። ስም። ዕድሜ።

"ሕመም ይላል። ምን ልበል?"

"ጉልበት በይ።"

"ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም።"

ጨረሱና ከመጻፊያ ፊደላቱ ጥግ ያለችውን፣ የራይት ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጫኑ። ፊደላቱ ወደ ታች ሰመጡ። የሞሉት ገጽ ብቻውን ቀረ።

"ይኸው። ተመዘገብኩ።"

ስልኩን ተቀብላ አየችው። የእናቷ ስም፣ የእናቷ ጉልበት፣ በትልልቅ ፊደል ስክሪኑን ሞልተውታል። አረንጓዴዋ ቁልፍ የለችም። በጣቷ ወደ ላይ ጎተተች፤ ገጹ ንቅንቅ አላለም። እንዳይነቃነቅ የቸነከረችው ራሷ ናት። አምና "ይወዛወዛል፣ አያምርም" ቢሏት አንድ ቦታ ላይ እንዲቆም አደረገችው፤ ፊደሉ ሲያድግ ቁልፏን ወደ ታች ገፍቶ እንደሚያስወጣት አላሰበችም።

"አባትሽም እዚሁ ተቀምጦ እንዲሁ ነው ያደረገው" አሉ እናቷ፣ አንሶላ እየዘረጉ። "ለልጅህ ልደውልላትና ታሳይህ ስለው፣ 'ልጄ የሠራችው አይደለም እንዴ፣ ምን ያስጠይቀኛል' አለኝ። አስመሳይ።"

ገባት። ገብቷትም ምንም አልተሰማትም። የተጣጠፈውን ልብስ ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ነው። ስልኳ ጮኸ።

"አገኘሽው?" አለ አለቃዋ።

"አገኘሁት። ፊደል አሳድጎ ለሚጠቀም ሰው ቁልፏ ከስክሪኑ በታች ትቀራለች። ገጹም አይጎተትም።"

"ከባድ ነው?"

"ሁለት መስመር ነው።"

"አስተካክይው በቃ። 'ተሻሽሏል' ብለን እንጽፍላቸዋለን። ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቶሎ በይ።"

እውነቱን ነው። ቢሮ ተመልሳ ሁለቱን መስመር ካስተካከለች፣ ከዛሬ በኋላ በዚህም ስልክ ቢሆን ቁልፏ ትታያለች። ዱሮ እንዳልነበረች የሚያውቅ ሰው አይኖርም። እናቷም አንሶላ ባጣጠፉ ቁጥር አስመሳይ እያሉ ይኖራሉ።

"እማዬ፣ ያን አንሶላ ተይው።"

"ምነው?"

"አልተመዘገብሽም።"

"ራይት አድርጌ?"

"እሷ መጻፊያውን ፊደል ነው የምትደብቀው። አትልክም።" የስልኩን ፊደል አሳንሳ ገጹን አሳየቻቸው። አረንጓዴዋ ቁልፍ ከሥር ብቅ አለች።

እናቷ ስልኩን አስጠግተው አዩት። "ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?"

"መላኪያዋ ናት። አባዬ አላያትም፤ ላያትም አይችልም ነበር። አልዋሸሽም። እንደዚያ አድርጌ የሠራኋት እኔ ነኝ።"

እናቷ ቁልፏን በጥፍራቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። ከአንሶላው ግማሹ ከጭናቸው ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

የምሳ ሰዓቱ አልፏል። እሷ ግን ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት አስቀመጠች፤ ወንበር ሳበችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።